ሦስት ጎማና አንድ ከረጢት ከሰል

መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ የሚያሞግስ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እዚያ ሰፈር ገና መኪና አልገባም ማለት ነው። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ምክሩን ሳትጠይቀው ይሰጥሃል፤ አመሰግናለሁ በቃኝ ብትለው፣ አልገባውም ብሎ ከመጀመሪያው ይደግምልሃል። የኛዋ ኮረብታማ መንደር የክራግሾ ሊቅ፣ ክቡር ሚስተር ኢኖክ በተርዎርዝ ነበሩ። መኪናቸው ሦስት ጎማ ነበራት፦ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት መሃል ላይ አንዲት።

«አራተኛው ጎማ ለፈሪ ነው» ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሚስተር በተርዎርዝ የነበራቸው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ በዚያ ፈቃድ ባለ ሦስት ጎማ መኪና መንዳት ይፈቅዳል፤ የኋላ ማርሽ እንዳይኖራት ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናይቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አታውቅም። ማዞር ሲያስፈልግ ሰው ወርዶ ጭራዋን ብድግ አድርጎ ያዞራታል። ገላዋ ቀላል ስለሆነ ሁለት ሰው ይበቃታል። እሳቸው ግን ይህንንም ወደ ሙገሳ ለወጡት፦ «አዋቂ ሰው ወደ ኋላ አይሄድም!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂልዳ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ለምን እንደማይሳፈሩ ሲጠየቁ፣ «ቸኩያለሁ» ይላሉ።

እኔ የዚያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ በግድግዳ እንዋሰናለን። ታች ከተማ፣ ሃልደን፣ የጠበቃው የሚስተር ፌዘርስቶን ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ሚስተር በተርዎርዝ እዚያው ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ይጠግናሉ። ስለዚህ በየጠዋቱ በነጻ ያሳፍሩኛል። ነጻ አልኩ እንጂ፣ በጆሮዬ ነበር የምከፍለው።

አሁን ወደ በረዶው ልግባ። በዚያ ዓመት ከገና ማግስት የጣለው በረዶ እስከ መጋቢት አልቀለጠም። አውቶቡሱ ዳገታችንን ፈርቶ ቀረ። ሚስተር በተርዎርዝ ግን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን ደረሰላቸው።

«ስማ ራልፍ» አሉኝ ገና የመጀመሪያው ቀን፣ በግማሽ የተቆረጠ ድንች የፊት መስታወቱን እያሹ። በረዶ እንዳይጋገርበት ነው። «ባለ አራት ጎማ ሁሉ በረዶ ላይ ሁለት መስመር ይቀድዳል። ተከታዩም በዚያው ይነዳል። የኔ የፊት ጎማ ግን የት ነው ያለችው?»

«መሃል።»

«መሃል! ማንም ያልረገጠው ቁልል ላይ! እነሱ በሰው ዱካ ይሄዳሉ፣ እኔ የራሴን አወጣለሁ። ገባህ?»

የገባኝስ መከራው ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመሩን ሲፈልጉ፣ የፊቷ ቁልሉ ላይ ወጥታ ግራና ቀኝ ትላለች። እኔ በሩን ጨብጬ የማላውቀውን ጸሎት እጸልያለሁ። እሳቸው ዘና ብለው፣ በመቀመጫዎቻችን መካከል ባለው የሞተር ክዳን ላይ ምሳቸውን ያሞቃሉ።

ሕጎቻቸው ብዙ ነበሩ። ፍሬን መንካት ክልክል ነው፤ ለመቆም የመንገድ ዳር ቁልል ውስጥ መግባት ነው። የምድጃ አመድ በባልዲ፣ አካፋ፣ ለኋላ ጎማዎች የሚጠመጠም ገመድ ሁሌም ይኖራል። ከሁሉ በላይ ግን ክብደት ከፊት። ይህችን ሕግ በመከራ ነው የተማሯት። አንድ እሑድ አንድ ከረጢት ከሰል ከኋላ ጭነው ቁልቁለቱን ወረዱ። ጭራዋ ሲከብዳት የፊት ጎማዋ ቀለለችና መሪ አልሰማ አለች። መታጠፊያው ላይ ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ጸሎት ቤቱ ግቢ ገቡ፤ ምእመናኑ ገና እየወጡ ነው። ሰባኪው «ዘገዩብን» ሲሏቸው፣ «ለሚቀጥለው ሳምንት ነው የመጣሁት» ብለው ወረዱ።

«አየህ ልጄ» ይሉኝ ነበር ከዚያ በኋላ፣ «አንተ ባትኖር ይህቺ ጎማ መሬት አትነክስም። ውለታ የምትውልልኝ አንተ ነህ።»

እኔ ውለታ የምውለው ሰውዬስ ምን አደርግ ነበር? ዳቦ ቤቱ ጥግ ስንደርስ፣ «እዚህ ጋ ልውረድ፣ በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል» እላለሁ። በዚያ ብርድ! ቢሮው ሁለት መንገድ ይቀረዋል። ነገሩ፣ ሚስተር ፌዘርስቶን አንድ ቀን በመስኮት ባለ ሦስት ጎማ አይተው፣ «ይሄኛው አንዱን ጎማ መያዣ አስይዞ የተበደረ ነው» ብለው ነበር። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። በዚያ ወር ደግሞ ደንበኛ ዘንድ የሚላክ አንድ ጸሐፊ ሊመርጡ ነው ተብሏል፤ ሹመት ነው። ለሹመቱ ስል ጥጌን ወደድኩ።

እንግዲህ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ከተናገርኩት ስንት ዓመቴ!

አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ትልቅ ጥቁር መኪና ተጋድሞ አገኘን። አጠገቡ ሚስተር ፌዘርስቶን ባርኔጣቸው በረዶ ለብሶ ቆመዋል። ሚስተር በተርዎርዝ እንደ ሕጋቸው ቁልል ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«ይግቡ ጌታዬ፣ ከፊት ይቀመጡ። እንደ እርስዎ ያለ ክብደት እግዜር ነው የላከልን!»

እኔ ሳልወርድ በመቀመጫው ላይ ተሻግሬ ከኋላ ከአመዱ ባልዲ ጋር ተጣጠፍኩ። ትንሽ እንደሄድን ሚስተር ፌዘርስቶን አንገታቸውን አዙረው አዩኝ።

«ራልፍ? አንተ ነህ እንዴ! ምነው፣ ሰውዬው ዘመድህ ናቸው?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ምላሴ ከኔ ቀድማ ነው የሄደችው። «አላውቃቸውም። አውቶቡስ ስለሌለ መንገድ ላይ እጄን አውጥቼ ነው ያስቆምኳቸው።»

ሚስተር በተርዎርዝ ዝም አሉ። እኚያ ሰውዬ ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ መንገዱን እያዩ፣ «አዎ ጌታዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው ያነሳሁት። ጨዋ ልጅ ይመስላል።»

ምነው በሰደቡኝ! የቢሮው መንገድ አፍ ላይ አወረዱን። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ። ስወርድ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ወጣሁ። መቀመጫዬ ላይ ከሰል የሞላ ከረጢት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ በገመድ ታስሯል፤ ወይዘሮ ሂልዳ ለእግሬ የሠሩልኝን ብርድ ልብስም ለብሷል። ሚስተር በተርዎርዝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው «ደህና አደሩ?» አሉኝ። ደህና አደሩ! ለእኔ! አመድ በባልዲ ቢደፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ትተውኝ ቁልቁለቱን ወረዱ።

አራት ቀን በእግሬ ተመላለስኩ። ሁለቴ ወደቅሁ፤ አንዴ ፋይሎቼ በረዶ ላይ ተበተኑ። የወደቅሁት ግን ከዚያ በፊት መሆኑን አውቀዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ ወይዘሮ ሂልዳ በሬን አንኳኩ። ይገስጹኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ እባክህ ገላግለኝ» አሉኝ። «ከሰሉ አይሰማውም መሰል፣ ማታ ማታ ትምህርቱን ለኔ ማስተማር ጀምሯል። ትናንት ስለ ፊት ጎማ እስኪነጋጋ። ሠላሳ ዓመት ያመለጥኩትን በአራት ቀን ቀመስኩት!»

«በኔ ተቀይመዋል፣ እመቤቴ።»

«ተቀይሞማ ቢሆን ይወጣለት ነበር። አፍሮ ነው እንጂ። መኪናይቱ አሳፍራህ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?»

ማፈር የነበረብኝ እኔ፣ ያፈሩት እሳቸው! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ቀድሜ ወጥቼ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። ሚስተር በተርዎርዝ ድንቻቸውን ይዘው መጡ።

«ሚስተር በተርዎርዝ፣ ይህ ከረጢት ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃምሳ።»

«እኔ ሰባ ሁለት ነኝ።»

መስታወቱን ማሸት ቀጠሉ። «ከሰል ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወራጅ አለ አይልም» አሉ ሳያዩኝ።

ለካ ያውቁ ነበር! ያን ሁሉ ጠዋት እያወቁ ነው ያወረዱኝ።

«እኔም ከእንግዲህ አልልም» አልኳቸው።

ድንቹን ኪሳቸው ከተቱ። «በል ከረጢቱን ወደ ከሰል ማከማቻው መልስ። በጉልበትህ አንሳ፣ በወገብህ አይደለም!»

በቢሮ ካፖርቴ ተሸክሜ መለስኩት። ደረቴ ጥቁር ሆነ። ዳቦ ቤቱን ስናልፍ ሁለታችንም ወደዚያ አላየንም። የቢሮው መንገድ መጨረሻው ግድግዳ ነው፤ መኪናይቱ ደግሞ የኋላ ማርሽ የላትም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወርደን ጭራዋን ያዝን። ጸሐፊዎቹ በመስኮት ተደራረቡ። ሚስተር ፌዘርስቶን ደረጃው ላይ ወጡ።

«ራልፍ! እኚህ ሰውዬ ዛሬም ከመንገድ አነሱህ?»

«የለም ጌታዬ» አልኩ፣ እንዳጎነበስኩ። «ጎረቤቴ ናቸው፤ ሚስተር ኢኖክ በተርዎርዝ። በየቀኑ ነው የሚያመጡኝ። ያን ቀን ዋሽቼ ነው።»

ሹመቴ ሲሄድ ታየኝ፤ በእርግጥም ሄዷል። ሚስተር በተርዎርዝ ግን ከወዲያ ጥግ ጮኹ፦ «አታውራ፣ አንሳ! እርስዎም ጌታዬ፣ ክብደት አይባክንም፤ ይምጡና አንድ ጎን ይያዙ!»

ሚስተር ፌዘርስቶንም መጥተው ያዙ፣ ምን ያድርጉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለ አራት ጎማ መኪና ነድቻለሁ፤ የኋላ ማርሽም አላቸው። ሚስተር በተርዎርዝ ካረፉ ቆይተዋል። በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ጎማዎቼን ሌሎች በቀደዱት መስመር ውስጥ አስገብቼ ስወርድ፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴ ይቀላል።