የእንግሊዝኛ አወዳደቅ በተግባር

እንግሊዞች ሲወድቁ የኖሩ ሕዝብ መሆን አለባቸው። አለበለዚያ ይሄ ሁሉ ቃል ምን ያደርግላቸዋል? አዳልጦህ ከሆነ ስሊፕ፣ እንቅፋት መትቶህ ከሆነ ትሪፕ፣ ከተንከባለልክ ታምብል፣ እንደቆምክ ዝርግፍ ካልክ ኮላፕስ... እኛ «ወደቀ» ብለን እንገላገላለን። ተማሪም ይወድቃል፣ ዛፍም ይወድቃል፣ ዋጋም ይወድቃል ይባላል፤ የመጨረሻውን እስካሁን በዓይኔ አላየሁም።

አርባ ምንጭ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ከፍተኛ መምህር ለመባል የቀረኝ የሱፐርቫይዘሩ የአቶ ሳሙኤል የክፍል ምልከታ ብቻ ነበር። አምና እዚሁ ላይ ነው የቀረሁት። «ከአካባቢው የተገኘ የትምህርት መርጃ አልተጠቀመም፤ ቃላቱን በተግባር አላሳየም» ብለው ጻፉብኝ። ባለቤቴ ወረቀቱን ለጎረቤት ሳይቀር አንብባዋለች። ዘንድሮ ግን ቆርጬ ተነሳሁ።

ከኩልፎ ወንዝ ዳር አንድ ዘለላ ሙዝ ይዤ ገባሁ። ሙዙን እየጣልኩ የመውደቅን ቃላት አሳየሁ፤ አቶ ሳሙኤል ከኋላ ተቀምጠው ይጽፋሉ። መጻፋቸውን ሳይ ልቤ ሞቀ። የመውጣትን ቃላት ደግሞ በራሴ ላሳይ ብዬ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። የጠረጴዛው አራተኛ እግር ድንጋይ መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን አንተስ ብትሆን፣ እየተጻፈልህ ድንጋይ ታስታውሳለህ?

«ሶር፣ ወደ ሰማይ መምጠቅ» ብዬ እጆቼን እንደ ክንፍ ዘረጋሁ። ፊት የምትቀመጠው የጨንቻዋ አዳነች «ቲቸር፣ ድንጋዩ...» ስትል ሰምቻለሁ። ትምህርት አታቋርጪ ልላት ነበር፤ አልደረስኩም።

ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ፣ ሙዙ ከሥሬ። ማንም አልሳቀም። ደብተር ሲገለጥ ሰማሁ።

«ታምብል ነው» አለ አንዱ።

«አልተንከባለሉም እኮ። ኮላፕስ ነው» አለች አዳነች።

«ኮላፕስ ያደረገው ጠረጴዛው ነው። ቲቸር ከላይ ነው የተወረወሩት፣ ፕላንጅ ነው ያደረጉት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያወጡ የለመንኳቸው ልጆች በእኔ አወዳደቅ ተከራከሩ። ወገቤ እየተቆረጠ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አልለየነውም» አለች አዳነች በትሕትና። «አንዴ ይድገሙልን።»

«አቶ ሳሙኤል፣ ያንሱኝ እንጂ» አልኩ።

«አይዞዎት መምህር። ምልከታ ላይ ነኝ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጣልቃ መግባት አይፈቀድልኝም።»

«ስንት ደቂቃ ቀረ?»

«አሥራ አንድ።»

ትምህርቱን ላቋርጥ ብል ደረጃዋ ልታመልጠኝ ነው። ስለዚህ ተኝቼ አስተማርኩ። የቀሩትን ቃላት ኮርኒሱን እያየሁ አስረዳሁ፤ «ራይዝ»ን፣ መነሳትን፣ ግን በቃል ብቻ።

ደወሉ ሲደወል አቶ ሳሙኤል ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ፤ ደግፈውም አነሱኝ። «ጌታ ይመስገን፣ አልተሰበሩም» አሉና ቅጹን ሰጡኝ።

አልፌያለሁ። በትምህርት መርጃ ረድፍ ሙሉ ነጥብ አለኝ። ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «መርጃው ከአካባቢው የተገኘ፣ ወጪ የሌለውና ከኋላ ለተቀመጡትም የሚታይ ነው። በወጌሻ ታሽቶ ለሌሎቹ ክፍሎችም ይዳረስ።»