ሳይጨርስ አትንካው

ቢሾፍቱ ውስጥ ወይዘሮ ዘርፌ የሚባሉ ጫጩት አስፈልፋይ አሉ። ማሽናቸውን የምትመራው ጥፍር የምታህል የኤሌክትሮኒክ አእምሮ ናት፤ እንቁላሉ መቼ እንደሚዞር፣ መቼ መዞር እንደሚያቆም የምታስታውሰው እሷ ናት። ከጎኗ ጣሳ የመሰለ ወፍራም ካፓሲተር ቆሟል። የገጠሙት ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው አቶ በዛብህ ናቸው። ካፓሲተር ማለት እንግዲህ ኤሌክትሪክ ዝም ብሎ የሚያጠራቅም፣ ሲቸግር የሚሰጥ፣ አመሰግናለሁ በሉኝ የማይል ነገር ነው።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል፤ ከእንግዲህ ከዞሩ ጫጩቶቹ ያልቃሉ። ማራገቢያው ግን መንጫጫት ጀመረና ጠጋኙ ሙላቱ ተጠራ። የማሽኑን ሳጥን ከመክፈቱ መብራት ሄደ። ሰፈሩ በአንድ አፍ «ሄደ!» አለ። ሙላቱ ካቻቢቴውን መዘዘ። ካፓሲተር አንዴ መትቶታል፤ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመውን ሳያፈስ እጁን አይሰድም።

«ቆይ እንጂ ሙሌ!» አለች ሰናይት፣ የወይዘሮ ዘርፌ ልጅ። «ሰው ሳይሞት ውርስ ትካፈላለህ?»

«መብራት ሄዷል እኮ። አለቀለት።»

«አላለቀለትም። አምፖሉም ማራገቢያውም ተቆርጦባቸዋል፣ አየህ? ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረችው ኃይል ለትንሿ አእምሮ ብቻ ናት። የት እንደደረሰች ትጽፍና ትተኛለች። አሁን ብትነጥቃት ግማሹን ጽፋ ትቀራለች፤ ስትነቃ ሀ ብላ ጀምራ እንቁላሉን ታዞርልሃለች!»

«አንቺ ደግሞ! ማን አስተማረሽ?»

«አባዬ።»

ከትንሿ አጠገብ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች።

«ጻፈች። በል አሁን አፍስሰው፣ ኋላ መታኝ ብለህ እንዳትጮህብን። በካቻቢቴ ግን አይደለም» ብላ ሽቦ የተቀጠለለት አምፖል ሰጠችው። አምፖሉ በራ፤ ቀስ በቀስ ደበዘዘ። ሙላቱ ያኔ ማራገቢያውን ጠገነ።

መብራት መጣ። ትንሿ ነቃች፣ ካቆመችበት ቀጠለች፤ አንድም እንቁላል አልዞረ። ከውስጥ ጭው ጭው የሚል የጫጩት ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ዘርፌ በእልልታ ፈንታ እንባቸው መጣ።

ሙላቱ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «እትዬ ዘርፌ፣ ጋሽ በዛብህ ታመው ሳሉ ልጠይቅ ብመጣ ከበር መለሳችሁኝ። አኩርፌ ነበር» አለ።

«አንተን ብቻ መሰለህ? እኔንም አላናገረኝም እኮ። ይህን ሳጥን ከፍቶ፣ በቀረችው አቅም ልጁን ሲያስተምር ነበር የሚውለው» አሉ፤ የሰናይትን እጅ ያዙ። «እግዜር ይስጠው፣ ጨርሶ ነው የተኛው።»