ከሰርጉ ቪዲዮ ቆርጬ የጣልኩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቤተዘመድ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ በቆመበት ዲጄ ሆኜበታለሁ። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

የእማዬና የአባዬ ሰርግ፣ እዚሁ ሰቆጣ የተደገሰው፣ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። ማጫወቻው ከተበላሸ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ሰሞኑን ቪዲዮ ቤት ወስጄው ባለቤቱ እንደምንም ወደ ስልኬ ገለበጠልኝ። "ካሴቱ ግን ሻግቷል፣ ሁለተኛ አይሠራም" አለኝ።

እኔም ኤዲት ውስጥ ገባሁ። ፊልተር አደረግኩ። የእማዬን ቀሚስ አደመቅኩ። ጭፈራው ላይ ዘመናዊ ቢት ጫንኩበት። አምሮ ነበር እኮ!

መሃል ላይ ግን አንድ ረጅም ቦታ አለ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአባዬ አባት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ይመርቃሉ። ይመርቃሉ። አሁንም ይመርቃሉ። እኔ ደግሞ ከኽምጣና የማውቀው የምሰደብበትን ብቻ ነው። ፎሎወርም ትዕግስት የለውም (እናንተን ነው)።

ቆረጥኩት።

ስልኬ "ስቶሬጅ ፉል" ሲለኝም ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት። ምን ቸገረኝ፣ ያማረው በእጄ አለ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ። የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ ሳይቀሩ ከደሃና መጥተዋል። ስልኬን ከቲቪው ጋር አገናኘሁ። እማዬ ተሸፋፍና ስትወጣ ሁሉም ሳቀ። አባዬ ለካ ፀጉር ነበረው።

ከዚያ ቲቪው ላይ አያቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ቤቱም አብሮ ተነሣ። ምርቃት ተቀምጦ አይሰማማ። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ፣ እትዬ ዘነቡ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም "አሜን" ሊል ተዘጋጀ።

ዱም ዱም ዱም።

የኔ ቢት። ኮከብ የሚረጭ ኢፌክት ሳይቀር።

ማንም አልተቀመጠም። መዳፎቹ እንደተዘረጉ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣" አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ "አባታችንን የት አደረስሻቸው?"

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ድምፃቸውን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ" አለ ቀስ ብሎ። "ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነበር የምጠብቀው።"

ካሴቱ ሻግቷል። ዋናውን እኔው አጥፍቼዋለሁ። የአያቴ ድምፅ ደግሞ ሌላ የትም የለም። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ስልኬን መበርበር ጀመርኩ።

ያጠፋነው የሚጠራቀምበት ትራሽ ውስጥ አገኘኋቸው። በደበዘዙ ሰልፊዎቼና በምሳ ፎቶዎቼ መካከል፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል።

እንደገና ተነሣን። አያቴ መረቁ፣ ቤቱ "አሜን" አለ። አባዬ እንባውን በኮፍያው ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ያ ረጅም ያልኩት ምርቃት ቶሎ አለቀብኝ።

"ምን አሉ?" ብዬ አባዬን ጠየቅኩት።

"ለኛ ለሙሽሮቹ ነው" አለኝ። "ገብሳችሁ ይብዛ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ የምትወልዷቸው ልጆች አስተዋይ ይሁኑ ነው ያሉት።"

ቤተዘመዱ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ገና ሳልወለድ የተመረቀልኝን ማስተዋል በገዛ እጄ ቆርጬ ትራሽ የከተትኩ ሰው ነኝ፣ ከኔ ምን ትጠብቃላችሁ?