ሊቀ ማህፀን ደምለው

ሁሉን አዋቂ የሌለበት መንደር የለም። ንጉሥ ይወርዳል፣ ደርግ ይመጣል፣ መሬት ይከፋፈላል፤ ሁሉን አዋቂው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለችው መንደር ይህን ወንበር የያዙት አቶ ደምለው ነበሩ። እሳቸው የማያውቁት ነገር ባይኖርም፣ እውቀታቸው የሚበረታው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ ሲናገሩ ነው።

ማዕረግ በ1970 ዓ.ም. ጤና ረዳት ሆና ከጎንደር ደባርቅ ስትመደብ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወደዚች መንደር እየወጣች ስለ ክትባት ብትናገር፣ ስለ ንጹሕ ውሃ ብትናገር፣ የአቶ ደምለው መልስ አንድ ነው፤ «ይኼማ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ልጄ።» ሁለት ዓመት ይህንኑ ስትሰማ ቆይታ በልቧ «ሊቀ ማህፀን» ብላ ሾመቻቸው።

የእውቀታቸው ምንጭ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር። በንጉሡ ጊዜ የሐኪሙን ሳጥን በበቅሏቸው ጭነው ከሳንቃ በር እስከ አምባራስ ሦስት ቀን አብረውት ተጉዘዋል። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅ፣ እሳቸው የሱን ቋንቋ አያውቁ። ቢሆንም «ሐኪሙ ያልነገረኝ የለም» ይላሉ።

ትምህርታቸው አጭር ነው። ወንድ ልጅ ከማህፀን በቀኝ በኩል ይበቅላል፣ ሴት ልጅ በግራ። ስለዚህ ወንድ የፈለገች በቀኝ ጎኗ ትተኛ። ጎረቤታቸው ስጦታ ይህን ሰምታ ስምንት ዓመት በቀኝ ጎኗ ተኛች። ያተረፈችው የትከሻ ሕመምና አራት ሴቶች ልጆች ነው። አቶ ደምለው ግን «እንቅልፍ ሲወስዳት ትገለበጣለች» ብለው ፈረዱባት።

አንድ እሑድ ማዕረግ የወንድና የሴትን የውስጥ አካል የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ይዛ ወደ ገበሬ ማህበሩ ስብሰባ መጣች። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ወንዶቹ ሰማይ ሰማይ አዩ። አቶ ደምለው ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው በዱላቸው የሴቷን ሥዕል እየነኩ፣ «ይቺ የወንድ ቤት፣ ይቺ የሴት ቤት» ማለት ጀመሩ።

«የለም፣ አባቴ» አለች ማዕረግ። «ሁለቱም የእንቁላል ማደሪያ ናቸው። በየወሩ ከአንዱ አንዲት እንቁላል ትወጣና በዚህ ቱቦ ወደ ማህፀን ትወርዳለች። በመንገዷ ከወንድ ዘር ጋር ከተገናኘች ፅንስ ይሆናል። ካልተገናኘች ማህፀን ለፅንሱ ያዘጋጀው ደም ይፈስሳል፤ የወር አበባ ማለት እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ ወንዱ ሥዕል ዞረች። የወንድ ዘር በቆለጥ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ቁጥሩም እልፍ አእላፍ እንደሆነ አስረዳች። «ይህ ዘር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወንድ ልጅ ያመጣል፣ ሌላው ሴት ልጅ። የእናትየዋ እንቁላል ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአባትየው ዘር ነው።»

የስጦታ ባል ቢራራ ብድግ አለ። «ራሷ ያልወለደች ልጅ ስለ መውለድ ታስተምረን?» ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ደምለው ብቻ፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ዓይናቸውን ከሥዕሉ አልነቀሉም።

በማግስቱ ስጦታ ክሊኒክ መጣች። «የፊታችን እሑድ በሽማግሌ ፊት ሊፈታኝ ነው። ወንድ የምትወልድ ሊያገባ። አራት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?» ብላ አለቀሰች። የሽማግሌዎቹ አለቃ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ማዕረግ ዳገቱን ወጥታ አቶ ደምለው ደጃፍ ቆመች። ልትከራከራቸው አሰበችና ተወችው።

«አባቴ፣ ያ ሐኪም ወንድና ሴት የሚለየው በአባት ዘር ነው ብሎ ነግሮዎት የለ?»

ትክ ብለው አዩዋት። «ነግሮኛል እንጂ!» አሉ። «ይኼማ ለእኔ አዲስ አይደለም።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀመጡ። ቢራራ አቤቱታውን አሰማ። አቶ ደምለው ተነሥተው እንቁላሏን፣ ቱቦውን፣ ሁለቱን ዓይነት ዘር፣ የማዕረግን ትምህርት አንዲት ቃል ሳያጎድሉ በሐኪሙ ስም አወረዱት። «እንግዲህ ቢራራ፣ ሴት መውለድ ጥፋት ከሆነ አጥፊው አንተ ነህ። እሷ ትፍታህ ወይ?» ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቢራራ አንገቱን ደፋና አቤቱታውን አነሣ፤ ስጦታም ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ማዕረግ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ተከተለቻቸው። «ሐኪሙ ደህና አድርጎ አስተምሮዎታል፣ አባቴ» አለች።

አቶ ደምለው ቆሙ። «ያ ሰውዬ ከበቅሎዬ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አላወራም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በለጠች የምትባል ሚስት ነበረችኝ። ሦስት ሴቶች ወለደችልኝ። በቀኝሽ አልተኛሽም ብዬ አባረርኋት። አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ።»

ማዕረግ ይህችን «አላወቅሁም» የምትል ቃል ከአፋቸው ለመስማት ሁለት ዓመት ተመኝታ ነበር። ስትሰማት ግን ደስ አላላትም። ክንዳቸውን ደግፋ ቁልቁለቱን አብራቸው መውረድ ጀመረች።

«ማን ያውቅ ነበር፣ አባቴ?» አለቻቸው።