ቄስ ወንድሜን ያበላሁበት ቤት

ስለ ትልቅ ከተማ ምግብ ቤት የማያውቅ ሰው የለም። እስቲ ሰቆጣ መናኸሪያ ቆማችሁ «አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የት ልብላ?» በሉ፤ ከወልድያ አልፎ የማያውቀው ሁሉ ያማክራችኋል። እኔም ከመካሪዎቹ አንዷ ነበርኩ፣ ያውም ድምፀ ትልቋ። መስተዋት የበዛበት ቤት አትግቡ፤ የመስተዋቱን ዋጋ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ሰው የተሻማበት ቤት ግን ሳትጠይቁ ግቡ፤ ሰው በሞላበት ቤት ወጥ አያድርም። ይቺን ሁለተኛዋን ከሰቆጣ ገበያ የተማርኳት ናት፤ በገበያ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። ከገበያው ስትወጣ ነው ያሳፈረችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ሞገስ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀድሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ሊከተል ሲል ይዣቸው አዲስ አበባ ገባሁ። ሐኪሙ ሰኞ ቀን የተሻለውን ዓይን ሠራና በፋሻ ጠቅልሎ «እስከ ቅዳሜ እንዳይፈታ፤ መድኃኒቱም በባዶ ሆድ አይወሰድም» አለኝ። እንግዲህ ለአምስት ቀን የቄስ ሞገስ ዓይን እኔ ሆንኩ። የሚጎርሱትን አይቼ የማቀርብላቸውም እኔ ነኝ።

ቄስ ሞገስ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያገኙትን የሚበሉ አይደሉም። ካህን በአደባባይ ሲያላምጥ ነውር ነው ብለው ሆቴል አይቀመጡም። ረቡዕና ዓርብን በሕይወታቸው አፍርሰው አያውቁም። እህል በጠፋበት በዚያ ክፉ ዓመት የእርዳታ ወተት ሲታደል፣ ቀኑ ረቡዕ ነው ብለው ጽዋውን መልሰዋል። መንደሩ ሁሉ «አበዱ» አለ። እኔም ብያለሁ።

ማክሰኞ ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ካለ መስተዋታም ቤት ገባሁ። ምክሬን ራሴ ጣስኩ፤ ቅርብ ነዋ! ባለቤቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወርቋን አንጠልጥላ ፈገግ አለችልኝ። ሽሮዋ በሸክላ ድስት መጣች፤ ስትንተከተክ የሠርግ ከበሮ ታስንቃለች፣ ልኳ ግን የሕፃን መዳፍ አይሞላም። ዋጋዋን ስሰማ አስተናጋጁን «ከነድስቷ ነው?» አልኩት።

«ድስቱ አይሸጥም፣ የኔ እናት» አለኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እንዲህ ባለ ትሕትና ነው ሰው የሚገፈፈው። በዚያ ዋጋ እኛ አገር ዶሮ ከነጩኸቷ ትገኛለች። እዚያ እስከ ቅዳሜ ብንበላ የመመለሻ ቲኬታችንን አብረን መዋጣችን ነው።

ረቡዕ ቁልቁል ስወርድ ከቆርቆሮ አጥር ጥግ ሰልፍ አየሁ።

«የስንዴ ነው እንዴ?» አልኩ። የእኛ አገር ሰው ሰልፍ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው።

«የምሳ ነው፣ እናት። ከኋላ ያዢ» አለኝ ከእግር እስከ ራሱ ሲሚንቶ የለበሰ የቀን ሠራተኛ።

ከፊት አንዲት ደልደል ያለች ሴት ጭልፋ ይዛ በሁለት ትልልቅ ባልዲዎች መካከል ቆማለች። የጾም እንዳላት ጠየቅኋት። «በዚህ የጾም፣ በዚያ የፍስክ» አለችኝና በሳህኔ ላይ ገለበጠችው፦ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሩዙ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ ከተቆራረሰ እንጀራ ጋር ተደባልቋል። ሌላ አገር ሰው ድብልቅ ሲያይ ይጠረጥር ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ወጥ የሚደባለቀው ተዝካርና ማኅበር ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የየቤቱን ይዞ መጥቶ በአንድ ገበታ ሲፈስ። ድብልቅ ለእኛ ጥጋብ ነው። ሰው ሞልቷል፣ ወጡ ዐሥር ዓይነት ነው፣ ዋጋው የዚያችን ድስት እጀታ አይገዛም። እልል ልል ምን ቀረኝ?

ወዳረፍንበት ክፍል ይዤላቸው ገባሁ። አባ፣ ወንድሜን እንዲህ ነው የምጠራቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ቀመሱ። ቀጥለው «አንቺ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«የአንዲት ደግ ሴት።»

«እጇ ይባረክ። የድግስ ጣዕም አለው።»

ሐሙስም ከዚያው፣ ዓርብም ከዚያው። ዓርብ በልተው ሲያበቁ «ሂጂና አመስግኚልኝ» አሉኝ። ምነው ባልሄድኩ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ስደርስ አንዲት መኪና በርሜል ታወርዳለች። ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ገብታበታለች፤ አጥንት ታወጣለች፣ የተጨማደደ ሶፍት ታወጣለች፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ታወጣለች። ሥጋ ሥጋውን ወደዚያኛው ባልዲ፣ የቀረውን ወደዚህኛው።

«ይህ ምንድነው?» አልኳት።

«ቡሌ ነዋ፣ የትልልቆቹ ሆቴሎች ትራፊ። ሳታውቂው ነው እንዴ ሦስት ቀን የመረቅሽኝ?»

«የጾሙስ?»

«ሥጋውን ለቅሜ አወጣሁለት አይደል? ከዚህ በላይ ምን ይጹምልሽ?»

ሲሚንቶ ለባሹ ከሰልፉ ሳቀ። «ምነው እናት፣ የባለ አምስት ኮከቡ ምሳ አነሰሽ?»

ሰቆጣ ገበያ ላይ አህያ የሚያስበረግግ አፍ አለኝ። ልስደባት? ማንን አታለለች? ሰልፈኛው ሁሉ ያውቃል። ሰው በሞላበት ቤት ወጥ አያድርም አልኩ እንጂ፣ ሌላ ቤት አድሮ እንደሚመጣ ማን ነግሮኝ! ትራፊም ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ወንድሜ ራሳቸው የቆሎ ተማሪ ሳሉ ቁራሽ ለምነው ነው ዳዊት የደገሙት። ያ ቁራሽ ግን ስለ እመቤታችን ተብሎ ይሰጥ ነበር። እዚህ ጌታው ነክሶ የተወውን ደሃው ተሰልፎ ይገዛል። ጥጋብና ረሃብ በአንድ ከተማ ሲኖሩ መገናኛቸው ይቺ ባልዲ ናት። በወተት ያልተሸነፉትን ሰውዬ ደግሞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በገዛ እጄ የሥጋ መረቅ አጉርሻቸዋለሁ።

ቅዳሜ ፋሻው ተፈታ። አባ ትክ ብለው አዩኝና «አርጅተሻል» አሉ። ዓይናቸው በእውነት ተሠርቷል። ቀጥለው መስቀላቸውን አወጡ። «ያቺን ሴት ሳልመርቅ አገሬ አልገባም።»

ሩቅ ነው አልኩ። እንሂዳ አሉ። ተዘግቷል አልኩ። ደጇን እባርካለሁ አሉ። ሲጨንቀኝ እጃቸውን ይዤ መስተዋቱ ቤት አስገባኋቸው። ባለወርቋ ሴት ደንግጣ ከባንኮኒው ወጣች፤ አባ በቁሟ ባርከው ልጆቿን፣ ቤቷን፣ ጓዳዋን መረቁላት። እንባዋ መጣ።

«እኔ ምን አደረግሁ፣ አባ?»

«ደግ ሰው ያደረገውን አያውቅም» አሏት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ሴትየዋም በዚያች ዕለት ደግ ልትሆን ቆርጣ፣ ከጓዳ አስገብታ ያችኑ ሽሮ ያለ ዋጋ አቀረበችልን። አባ አንድ ጊዜ ጎርሰው ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ፦ «እጇ ዛሬ ምን ነካው? የዓርቡ ይሻል ነበር።»

ይኸው ሰቆጣ ገብተናል። ኃጢአቴን ልናዘዝ ብል የንስሐ አባቴ እርሳቸው ናቸው። ሌላ ካህን ጋ ብሄድ «ምን ሠርታ ነው ከወንድሟ የሸሸችው?» ይባላል፤ ሰቆጣ ሰው ጆሮ አለው። ስለዚህ ቀኖናውን ለራሴ ሰጠሁና በዚህ ጉልበቴ በየቀኑ እሰግዳለሁ። አባ ያዩኝና «ዓይኔ ከበራ ወዲህ የአንቺም ልብ በራ» ይሉኛል፣ ደስ ብሏቸው። ይህንም ችዬ እሰግዳለሁ።

ለሕክምና የሚሄድ ሁሉ አሁንም እየመጣ «የት እንብላ?» ይለኛል። ባለገንዘቡ አይጠይቅም። የሚጠይቀኝ የሌለው ነው፤ ለሌለው ደግሞ ከዚያች ባልዲ በቀር የማውቀው ቤት የለኝም። ምን ልበል? ቁልቁል ውረዱ፣ ሰልፉን ታዩታላችሁ እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን አትሂዱ።