የጋሽ ናስትሮ ሽቦዎች

የግል አውሮፕላን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ካቻቢቴ ያነሳል፤ አንዴ ካነሳ ደግሞ አያስቀምጥም። ሞተሩን ይፈራል፣ ክንፉን ያከብራል፣ ሽቦውን ግን ይንቃል። ሽቦ ቀጭን ነዋ! አይጮህ፣ ዘይት አያንጠባጥብ፤ ዓመት ሙሉ ሲበደል ዝም ብሎ ቆይቶ አየር ላይ ያድማል።

የዚህ ወገን ጠቅላይ አዛዥ እኛ ሀንጋር ውስጥ ናቸው። ጥቁሩ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ከኪሳቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ ክቡርነታቸውን ጋሽ ናስትሮ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ሲሆኑ፣ አራት መቀመጫ ያላት አሮጌ አውሮፕላን አለቻቸው። የእኔ ሥራ የአውሮፕላን ሬዲዮና ሽቦ ጠግኖ መዝገቡ ላይ መፈረም ነው። እኔ ሳልፈርም አይበሩም፤ ስለዚህ ቀንደኛ ጠላታቸው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ከራስጌ መብራት የተረፈ ሽቦ አምጥተው በኮምፓሱ ጥግ አሳለፉ። መብራት ባበሩ ቁጥር ኮምፓሱ ሰሜንን ከድቶ ወደ ጋሽ ናስትሮ ጉልበት ይዞራል። ሌላ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫውን ሶኬት «አሻሻሉ»፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ሰውዬ ከባልዲ ውስጥ የሚያወራ መሰለ።

«ጋሼ፣ በሽተኛ ጥርሱን ራሱ በፒንሳ ነቅሎ ቢመጣብዎት ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«ጥርስ ሌላ! ሽቦ ግን ሽቦ ነው!»

«እሳት ቢነሳ እዚያ ላይ የት ሊወርዱ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ አታሟርት። ሽቦ ሽቦ ነው አልኩህ!»

ከክሊኒካቸው የቀረ አንድ አመል ግን አላቸው። የነካኩት ሽቦ ላይ ሁሉ «ይህን የነካሁት እኔ ነኝ» የምትል ብጫቂ ወረቀት ከነቀኑ ያንጠለጥላሉ። የእምነት ቃሉን ፈርሞ ወንጀሉ ቦታ ላይ ትቶ የሚሄድ ወንጀለኛ ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ባለቤታቸው በአርባ ዓመት ትዳር አንዴም ተሳፍረው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ እህታቸው ዘንድ ለመብረር እሺ አሉ። ጋሽ ናስትሮ አውሮፕላኗን እንደ ሙሽራ መኪና አጠቧት። እሜቴ ሀንጋር ድረስ መጥተው «ልጄ፣ እሱ በነካካው አልሄድም። አንተ ከፈረምክ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮው ለመናገር ሲጫኑት ድርግም እያለ አስቸገረ። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል! ክቡርነታቸውን የማጋለጫው ቀን ደረሰ ብዬ ዳሽቦርዱን ፈታሁ። ናስትሮ ስልጥ፣ ሽቦ ስቀይር፣ ስሳደብ ሁለት ቀን ሞላኝ። የእሳቸው እጅ ያለበት አንድም ሽቦ አልቀረም። ሬዲዮው ግን አሁንም ድርግም!

ዓርብ ከሰዓት በጀርባዬ ተኝቼ ከዳሽቦርዱ ሥር ስገባ፣ ከሬዲዮው ወደ አውሮፕላኗ አካል የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ታየኝ። ብሎኑ በጣት ይዞራል። አጠገቡ አንዲት ወረቀት ተንጠልጥላለች፦ «ይህ የባለሙያው ሥራ ነው። አልነካሁትም።»

መዝገቡን ገለጥኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሽቦው ተቀይሯል። ከሥሩ ፊርማዬ ጅራቷን ዘርግታ ተኮፍሳለች።

«ናስትሮዬ ነው አይደል?» አሉ ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ ጋሽ ናስትሮ ቀስ ብለው።

«አይደለም ጋሼ። የኔ ብሎን ነው። ሳላጠብቅ ነው የፈረምኩት።»

ሥራው አልቆ እንደሆነ ለማየት መጥተው በር ላይ የቆሙትን ባለቤታቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ዝም በል! እሷ የምትገባው ባንተ ፊርማ ነው» ብለው አንሾካሾኩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ስሚ እመቤት! የኔ ጥፋት ነው! እሱ አስተካከለው!»

በማውቃቸው ሃያ ዓመት ውስጥ «ጥፋት» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሲወጣ ደግሞ የሰው ጥፋት ሆነ።

ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ሬዲዮውን ደጋግሜ ፈተሽኩ፣ መዝገቡ ላይም እውነቱን ጽፌ ፈረምኩ። ቅዳሜ ጠዋት እሜቴ ከመሳፈራቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ጠየቁ። አነበቡ። ባላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከኋላ ወንበር አለ» አሉኝ። «አንተም ግባ።»

ገባሁ። ጋሽ ናስትሮ ማማውን ጠሩ፤ መልሱ ጥርት ብሎ መጣ። ባለቤታቸው እጃቸውን ጭምቅ አድርገው እንደያዟቸው ጋሽ ናስትሮ ወደ እኔ ዞሩና «ሽቦ ሽቦ ነው!» አሉ።

ስህተት ነው። «አልነካሁትም» የምትለዋ ወረቀት ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ አልተከራከርኩም።