ሽማግሌ የቆመበት ሃይድራንጃ

አበሻ ለሚበላ ነገር እንጂ ለሚታይ ነገር ውሃ አያጠጣም። ይህን የምለው ወገኖቼን ለማማት አይደለም፤ ለማማት ቢሆንማ ስንት ነገር ነበረኝ። ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ባለው ቤቴ ጓሮ ሃይድራንጃ ተክዬ ሦስት ዓመት ስንከባከብ፣ አበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ዙሪያውን ዞሮ ያይና "ይበላል?" ይለኛል። አይበላም ስለው ለሚስቴ ያዝናል።

ሃይድራንጃ የሰው ጭንቅላት የሚያክል አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ስገዛው የተንጠለጠለበት ወረቀት "ጠንካራ፣ በዓመት ደጋግሞ የሚያብብ" ይላል። ጠንካራነቱን እንኳ ተዉት። የሎስ አንጀለስ የከሰዓት ፀሐይ ትንሽ ካየው እንዳኮረፈ አማች አንገቱን ይደፋል። ጥላ ሠራሁለት፤ ጠዋት ማታ አጠጣሁት፤ ሰማያዊ እንዲያብብ ለአፈሩ መድኃኒት ገዛሁለት። አንድ ቀን ልጄ ሜሮን "አባዬ፣ ሠርጌ ላይ የምይዘው የዚህን አበባ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አበባ መሆኑ ቀርቶ አደራ ሆነብኝ።

ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ተክሉም በእንቡጥ ሲሞላ፣ ሽማግሌ መጣ። አዎ፣ አዳራሽ ከተያዘና ጥሪ ከተበተነ በኋላ ነው የመጣው፤ እኛ ዘንድ ወግ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሦስት ነበሩ። መሪያቸው የሙሽራው አጎት ጋሼ ተሰማ ናቸው፤ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ የኖሩ፣ የማያውቁት ሙያ የሌለ ሰው። ጓሮ ወንበር ባቀርብላቸው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!" አሉ።

ልጅህን ለልጃችን አሉኝ። ወዲያው እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው፤ ስለዚህ "ከቤተሰብ ልምከር" ብዬ ገባሁ። ምክሩ የእግር ኳስ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። ባለቤቴ "ኧረ ሰዎቹ ቆመዋል!" ብትለኝ "ይቁሙ፤ ልጄ በመንገድ አልተገኘችም" አልኳት። ጭማሪ ሰዓቱንም አየሁ።

ስወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስልካቸውን ይነካካሉ። ጋሼ ተሰማ ግን ጠዋት ደረቅ ቅጠል ስቆርጥበት የረሳሁትን መቀስ ይዘው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ደረቴ ደርሶ የነበረው ሃይድራንጃ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀርቷል። እንቡጡ በሙሉ መሬት ላይ ተከምሯል።

"ጋሼ... ምን አደረጉ?"

"እንዳልቀመጥ ወግ ያዘኝ፤ ቆሜ ደግሞ ደበረኝ። ሶ፣ ትሪም አደረግኩልህ። ወይን ሳይገረዝ መቼ ያፈራል?"

"ይሄ እኮ ወይን አይደለም።"

"ኦኬ፣ እሱማ አያለሁ። ወይን ቢሆን ይበላ ነበር።"

አልቅስ አልቅስ አለኝ። ሜሮን በመስኮት ብቅ ብላ "አይዞህ አባዬ፣ ሪብሉም ያደርጋል!" አለችኝ። አዎ፣ እንደገና ያብባል፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ። ግን ሽማግሌ ላይ አይጮህም፤ ደግሞስ እዚያ ያቆማቸው ማን ሆነና? ለወጉ ብዬ፣ ለኳሱ ብዬ፣ የልጄን አበባ በገዛ እጄ አስቆረጥኩት። ጥርሴን ነክሼ "ልጄን ሰጥቻለሁ" አልኩ።

ጋሼ ተሰማ ደስታቸው ወሰን አጣ። መቀሱን እንደያዙ ትከሻዬን አቀፉና፣ ከልባቸው፣ "ሐሳብ አይግባህ ወንድሜ፤ ልጅህንም ልክ እንደ አትክልትህ ነው የምንይዝልህ" አሉኝ።

አሜን አልኩ።